ለኋላ የምትቀር ፎቶ

ማንአለብሽ የታጠበ ልብስ በሳፋ ተሸክማ ወደ በረንዳው ስትወጣ ልጇ ኮኮብ ጀርባዋን ሰጥታ በስልክ ታወራ ነበር፤ በዕብራይስጥ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እናቴን በሚመለከት አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «ግንባሯ ላይ ያለውን ንቅሳት ከፎቶው ላይ ማጥፋት ትችላለህ?… አይ፣ እሷ አታውቅም። ስንመጣም እሷ ባለችበት ነገሩን እንዳታነሳ። ቤሰደር፣ እሺ፣ አራት ሰዓት ላይ እንገናኝ።» ማንአለብሽ ሳፋውን እንዳቀፈች ወደ ኋላዋ ተመለሰች። የእርጥቡ ልብስ ውኃ በቀሚሷ ላይ ወርዶ ጫማዋ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ኩሽናው መሀል ተገትራ ቀረች።

ልጆቿ እናታቸው ዕብራይስጥ የምትችለው ለሥራ ያህል ብቻ ይመስላቸዋል። እሷም እንዲመስላቸው ትታቸዋለች። በተራራው ላይ ባለ የአረጋውያን ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሽማግሌ ስታጥብ፣ ስታጎርስና ስታገላብጥ የኖረች ሴት ያልሰማችው ዕብራይስጥ የለም፤ ኑዛዜ ሰምታለች፣ ስድብ ሰምታለች፣ ወንድማማቾች በአባታቸው አልጋ ግራና ቀኝ ቆመው በቤት ሲጣሉ ሰምታለች። ሰው አይሰማም በተባለ ጆሮ ፊት ስንት ጉድ እንደሚወራ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አይገኝም። ስለዚህ ዛሬም የሰማችውን ዋጥ አደረገችና፣ ሳፋውን መሬት አስቀምጣ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው «ኮኮብ፣ ቁርስ አትበይም?» ብላ ተጣራች።

ባሏ አባይ ጠረጴዛው ዳር ተቀምጦ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ይበላል። ሃያ ዓመት የሠራሁበት ፋብሪካ ጆሮዬን ወሰደው ይላል፤ ማንአለብሽ ግን የማይሰማው መስማት የማይፈልገውን ብቻ እንደሆነ ካወቀች ቆይታለች። «ልጅህ ያለችውን ሰማህ?» አለችው ቀስ ብላ። «ምኑን?» አለ፣ ቀና እንኳ ሳይል። ቀና አለማለቱን ጠረጠረችው። እሱም ያውቃል ማለት ነው! አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ሰው እየኖረ፣ ሁለቱ ስለ ሦስተኛዋ ግንባር ተማክረው ጨርሰዋል። ሻዩን ልትደግምለት ያነሣችውን ማንቆርቆሪያ መልሳ አስቀመጠችው።

ሠርጉ ሊደርስ ሁለት ወር ከሳምንት ቀርቶታል። አዳራሹ ተይዟል፣ የስድስት መቶ ሰው ምግብ ታዟል፤ የቀረው ፎቶ አንሺ ነው። ሙሽራው ኣሳፍ ቤተሰቦቹ ከትግራይ የመጡ፣ ጨዋ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ልጅ ነው፤ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ማንአለብሽ የምታወጣለት እንከን አልነበራትም። አጎቱ ግን ራቢ ነው። ሙሽሮቹ በሚቆሙበት በሁፓው ድንኳን ሥር ገብቶ የሚባርካቸው እሱ ነው። እንግዲህ ባራኪው ራቢ በአንድ ጎን፣ በሌላው ጎን ግንባሯ ላይ የመስቀል ንቅሳት ያለባት የሙሽራዋ እናት! ይህ ፎቶ ስንት ቤት ግድግዳ ላይ ሊሰቀል ነው? ነገሩን በዚህ በኩል ስትገጣጥመው ልክ መጣላት፤ ልክ ሲመጣላት ደግሞ አንጀቷ አረረ።

ንቅሳቱ የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች ጎንደር ገጠር የተነቀሰችው ነው። የክርስቲያን ጎረቤት ልጆች ሁሉ ተነቅሰው ስለነበር፣ እናቷም ሴት ልጆቿ ገበያ ሲወርዱ «የማን ናችሁ?» የሚላቸው እንዳይኖር ብላ፣ የአይሁድ እምነቷን ሳትለቅ አስነቀሰቻቸው። እስራኤል በገቡ በመጀመሪያው ሳምንት ወረቀት የምትሞላ አንዲት ሴትዮ በእስክሪብቶዋ ወደ ግንባሯ እያመለከተች ለጓደኛዋ አንድ ነገር ተናገረች፤ ሁለቱም አዩዋት። ያን ቀን ማንአለብሽ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ድረስ ስባ አሰረች፤ ሠላሳ ዓመት አለፈ፣ እስከ ዛሬ ወደ ላይ አልመለሰችውም። የምትጦራቸው አሮጊቶች ጫፉን አይተው ሲጠይቋት «ቃጠሎ ነው» ትላለች። ከባሏ በቀር ከቤቱም ሰው በቅጡ ያየው የለም። አሁን ግን ራሷ ሠላሳ ዓመት የደበቀችውን ነገር ልጇ ልታጠፋው ስትል አቃጠላት።

ለማንኛውም ዝም ብላ እጅ ከፍንጅ ልትይዛቸው ወሰነች። የሥራ ፈረቃዋን ለዛሬ ከሌላ ሴት ጋር ተለዋውጣለች፤ ሁለት ፎቶ አንሺዎች ሊያዩ ቀጠሮ አለ። አንደኛው ኮኮብ በስልክ ስታናግረው የነበረው ክርያት ቢያሊክ ያለው ነው። ሁለተኛው ነሸር ያለው ማረው፣ ያገር ልጅ፣ የማኅበረሰቡን ሠርግ ሁሉ የሚያነሣ ሰው ነው። ማረውን «ካላየሁት ሞቼ እገኛለሁ» ያለችው ማንአለብሽ ራሷ ናት። ኮኮብ እናቷ ያገር ልጅ ስለናፈቃት መስሏታል። ማንአለብሽ ግን ከማረው ጋር አራት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ፣ ለማንም ያልነገረችው ጉዳይ አላት።

ከሚኖሩበት ሰፈር ከሃሊሳ ተሳፍረው ክርያት ቢያሊክ ደረሱ። ቢሮው አንድ የገበያ ማዕከል ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ግድግዳው ነጭ፣ ሶፋው ነጭ፣ ምንጣፉ ነጭ። ማንአለብሽ እንደገባች የዚህን ሁሉ ነጭ ነገር ፅዳት ማን እንደሚሠራው አሰበች። ጠረጴዛው ላይ በስኳር የተለበጠ ለውዝ በሳህን ቀርቧል። ፎቶ አንሺው ያሪን ይባላል፤ ጢሙን በቀጭኑ የተላጨ፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ የሚጨብጥ ጎልማሳ ነው። ዋጋው አልበሙን ጨምሮ አሥራ ሁለት ሺህ ሼክል ነው፤ የእሷ የሁለት ወር ደመወዝ። ቁጥሩን የነገራቸው ፈገግ ብሎ፣ የሌላ ሰው ጥፋት እንደሚያወራ ሰው ትከሻውን ሰብቆ ነው። ከዚያ በሰፊው ስክሪን ላይ ሙሽሮችን ያሳያቸው ጀመር፤ ሙሽሮች በባሕር ዳር፣ ሙሽሮች በፈረስ ላይ፣ ሙሽሮች አንድ ጃንጥላ ሥር። ኮኮብ «ዋው» ትላለች። ማንአለብሽ ለውዝ እየቆረጠመች ትመለከታለች።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች በዕብራይስጥ፣ እጇን እያራገፈች። «የሠርጉ ቀን አንተ ራስህ ነህ የምትመጣው?»

«ወይ እኔ፣ ወይ አብረውኝ ከሚሠሩት ልጆች አንዱ። ሁሉም ጎበዞች ናቸው።»

«እንግዲያው ያንን አንዱን ጥራልኝና ልየው።»

ያሪን ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ጥያቄዋን ቀጠለች። የተመረጡ አሥር ፎቶዎች ሳይሆን አንድ ሠርግ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲያሳያት፣ የሷን ሰዎች ሠርግ እንዲያሳያት ጠየቀች። ማንም የተመረጠውን ቢያሳይ ያምራል፤ ሽማግሌ ቤተሰቦቹ ሊጠይቁት ሲመጡ ብቻ እንደሚላጨው ዓይነት ነው፤ ማንአለብሽ ሰው ሳይላጭ የሚያድርበትን ቀን ታውቃለች። ያሪን ትንሽ አመነታና አንድ ፋይል ከፈተ። ሙሽራዋ ያገሯ ልጅ ናት። ቀሚሷ ያበራል፤ የቀሚሱ ጥልፍ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከኋላዋ የተሰበሰበው ዘመድ ግን ጠቁሮ፣ ጨልሞ፣ ጥርስና የዓይን ነጭ ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

«እነዚህ ሰዎች ፊት አልነበራቸውም?» አለች ማንአለብሽ።

«ብርሃኑ ለቀሚሱ ስለተለካ ነው፤ ነጭ ከባድ ነው…»

«ቀሚሱማ ኪራይ ነው፣ በማግስቱ ይመለሳል።»

ኮኮብ ወለሉን አየች። ያሪን ፈጠን ብሎ ወደ ሌላ ፎቶ አለፈና፣ የሚረብሽ ነገር ሁሉ በኋላ እንደሚስተካከል፣ ይህም ሪቱሽ እንደሚባል፣ ለሁሉም ፎቶ ሳይጠየቅም እንደሚሠራ አስረዳ። አንዲት ሙሽራ ጉንጭ ላይ ያለች ማርያም የሳመቻት ነጥብ ላይ ጣቱን ጫን ሲያደርግ ነጥቧ ጠፋች። እንደገና ጫን ሲያደርግ የሙሽራዋ መልክ ቀላ አለ። «የሚረብሽ ነገር ሁሉ» አለ እንደገና፣ ያን ጊዜም ዓይኑ ወደ ማንአለብሽ ሻሽ ሄደ። የኮኮብም ዓይን ሄደ። ሁለቱም ባንድ ጊዜ አዩዋት፣ ባንድ ጊዜም ዓይናቸውን ሰበሩ። ማንአለብሽ ሻሿን ይበልጥ ወደ ታች ሳበችው።

ሲወጡ ኮኮብ እናቷን «አንድ ደቂቃ ኢማ፣ ቀድመሽኝ ውጪ» ብላት ተመለሰች። ማንአለብሽ ኮሪደሩ ላይ ቆማ በመስታወቱ በር አየቻቸው። ድምፅ አይሰማም። ያሪን ይናገራል፤ ኮኮብ ራሷን ትወዘውዛለች፤ ያሪን እጁን ዘርግቶ ይናገራል፤ ኮኮብ እንደገና ትወዘውዛለች። በግንባሬ ዋጋ እየተከራከሩ ነው አለች ማንአለብሽ በሆዷ። የእሷን ግንባር ለማፅዳት ስንት ጠይቆ ይሆን? እሷ ሰው አፅድታ የምታገኘውን ያህል እንደማይሆን ርግጠኛ ናት።

ወደ ነሸር የሚወስዳቸው አውቶቡስ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቦርሳቸውን መሀላቸው አደረጉ። «ያሪንን እንዴት አየሽው?» አለች ኮኮብ። «ደኅና ነው። ሽቶው በዛ እንጂ» አለች ማንአለብሽ። ከዚያ ወዲያ ሦስት ፌርማታ ያለ ቃል አለፈ። ኮኮብ አንድ ነገር ልትል አፏን ትከፍትና ስልኳን ታያለች፤ ማንአለብሽ የልጇን አፍ መከፈትና መዘጋት በመስኮቱ መስታወት ላይ ትከታተላለች። ጠይቂኝ እንጂ፣ አፍ አውጥተሽ ጠይቂኝ እንጂ ትላለች በልቧ። ግን እሷም አልጠየቀችም። በዚህች ቤት ውስጥ ሁሉም ሌላውን ላለማስከፋት ዝም ሲል ሁሉም ተከፍቶ ያድራል።

እህቷ ጥሩዬ ከሞተች አራት ዓመት ሊሞላት ነው። የሞተችው የልጇ የኣሚት ሠርግ በተደረገ በሰባተኛው ወር ነበር። የሞት ነገር እንዲህ ነው፤ ለኑሮ የሚሮጥ ሰው ስቱዲዮ ገብቶ ፎቶ አይነሣም፤ ደኅና ልብስ ለብሶ፣ ደኅና ስቆ የሚነሣው የልጁ ወይም የዘመዱ ሠርግ ላይ ነው፤ ሲሞት ተፈልጋ የምትወጣውም ያችው የሠርግ ፎቶ ናት። ልቅሶ ቤት የምትሰቀለው እሷ ናት፣ በየዓመቱ መታሰቢያው ሲደርስ የምትወጣው እሷ ናት፣ መቃብሩ ድንጋይ ላይ የምትቀረፀው እሷ ናት። ጥሩዬም ነጭ ለብሳ ስትስቅ የተነሣቻት ፎቶ በትልቁ ታትማ ተሰቀለች። ማንአለብሽ እያለቀሰች ልቅሶ ቤት ገብታ ፎቶዋን ቀና ብላ ስታይ ቤት የተሳሳተች መስሏት ወደ በሩ ዞራ ነበር። የጥሩዬ ግንባር እንደ ተላጠ እንቁላል ለስልሶ ነበር። ንቅሳቱ የለም።

ኣሚት ነው ያስጠፋው አለች። ወይ እሱ፣ ወይ ሚስቱ፤ በእናቱ ንቅሳት አፍረው ነው አለች። ለማንም አልተናገረችም፤ ብቻ ከዚያ ቀን ጀምሮ ኣሚት ሊስማት ሲመጣ ጉንጯን ሳይሆን ትከሻዋን ትሰጠዋለች። በየዓመቱ መቃብር ሄዳ የማታውቃት ሴት ድንጋይ ፊት ቆማ ታለቅሳለች። የኮኮብ ሠርግ መጥሪያ ከታተመ ሁለት ሳምንቱ ነው፤ የሁሉም ካርድ ሲታደል የኣሚት ካርድ ኩሽና መሳቢያ ውስጥ፣ ከማንኪያዎቹ ሥር ተኝቷል። የጥሩዬን ፎቶ ያነሣው ደግሞ ማረው ነው። ንቅሳቱን ያጠፋው በማን ትእዛዝ እንደነበረ ዛሬ ከአፉ ትሰማዋለች። ሰምታም የራሷን ፊት ለማን እንደምትሰጥ ታውቃለች።

የማረው ስቱዲዮ ከሚኖርበት ፎቅ ሥር ያለ ዕቃ ቤት ነው። ጥግ ላይ የሽንኩርት ጆንያ ቆሟል፤ መደርደሪያው ላይ የፎቶ ማከማቻ ሳጥኖች ተደርድረው፣ በያንዳንዳቸው ላይ የቤተሰብ ስምና ዓመተ ምሕረት ተጽፎ ተለጥፏል። ሦስት አረንጓዴ የፕላስቲክ ወንበሮች አሉ። ማረው መነጽሩ የወፈረ፣ አርባ አምስት ዓመት ገደማ የሆነው ሰው ነው፤ ተነሥቶ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና «እንኳን ደኅና መጡ እትዬ ማንአለብሽ፣ ይቀመጡ፣ ይቀመጡ» አለ። ስለ ዋጋ አላወራም፤ ደብተር አውጥቶ ይጠይቅ ጀመር። ከአባት ወገን ታላቁ ማነው? የሚመርቀውስ? ቆሞ መነሣት የማይችል ሽማግሌ አለ ወይ? ማንአለብሽ ሳትወድ በልቧ ያዘችለት፤ የሚያውቅ ሰው ጥያቄ ነው።

«የተኳረፈስ አለ ወይ?» አለ ማረው። «ይህን ሁሌ እጠይቃለሁ። ሳላውቅ ጎን ለጎን አቁሜ ስንት ሠርግ አበላሽቻለሁ።»

«የለም» አለች ማንአለብሽ ፈጥና።

ኮኮብ እናቷን አየቻት። «ኣሚት አለ» አለች በቀስታ። «ካርዱን ማንኪያው ሥር አይቼዋለሁ ኢማ።»

ማረው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ማንአለብሽ ፊቷ ሲግል ተሰማት፤ አሁንስ በቃ አለች። «እንግዲያው የኣሚትን ሠርግ አሳየኝ» አለችው። «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። አንድ እንዳትዘል።»

ማረው አንዱን ሳጥን አውርዶ ውስጡ ያለውን ሃርድ ዲስክ ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኘው። ፎቶዎቹ አንድ በአንድ ያልፋሉ። ሁሉም ሰው ፊት አለው፤ ቀይ ቀይ ነው፣ ጠይም ጠይም ነው፣ የሙሽራዋ ቀሚስም ነጭ ነው። ከዚያ ጥሩዬ መጣች። ኣሚትን አቅፋ፣ ሻሿ ወደ ኋላ ሸሽቶ፣ ንቅሳቷ ግንባሯ መሀል ቁልጭ ብሎ። ማንአለብሽ አልበሙን አይታው አታውቅም፤ አልበሙ ሳይደርስ ሕመሙ መጣ፣ ከሕመሙ በኋላ ኩርፊያው መጣ። ጥሩዬ ስትጨፍር፤ ንቅሳቷ አለ። ጥሩዬ ስትበላ፤ አለ። ጥሩዬ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ስታሽ፤ አለ። ከዚያ ያች የልቅሶ ቤቷ ፎቶ መጣች፤ የለም።

«ሌላው ላይ ሁሉ ተውካት፣ አንዷ ላይ ብቻ አጠፋሃት» አለች ማንአለብሽ። «የአገሬ ልጅ፣ እህቴን ማን አጥፋት አለህ?»

ማረው መነጽሩን አወለቀና በሸሚዙ ጫፍ ይወለውለው ጀመር። «ራሳቸው ናቸው» አለ። «ከሠርጉ በኋላ በሁለተኛው ወር ብቻቸውን በአውቶቡስ መጡ። ሕመሙን ሐኪም ነግሯቸው ነበር፤ ለሰው አልተናገሩም። ያችን ፎቶ መርጠው ‹ለኋላዬ የምትቀር ይህች ናት፣ ጥርት አድርገህ ሥራልኝ› አሉኝ። ‹መቃብሬ ላይ ሰው ቆሞ ይቺ ደግሞ የማን ናት እንዲል አልፈልግም› አሉ። ኣሚት የሚያውቀው ነገር የለም። እንዳልናገር አስምለውኛል፤ እርስዎ በልጁ ላይ ቂም መያዝዎን ባውቅ ግን…»

«በሙት ማላከክ ቀላል ነው» አለች ማንአለብሽ።

ማረው አልተቆጣም። ሌላ ፋይል ከፈተ። አንዲት ሴት አረንጓዴ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ከኋላዋ ይኸው መደርደሪያ፣ ከጎኗ የሽንኩርት ጆንያ። ሻሿን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አድርጋዋለች። ከስታለች። ጥሩዬ ናት። የኮምፒዩተሩን ስክሪን ስታይ የተነሣች ፎቶ ናት፤ ሁለት ፊት ጎን ለጎን ተደርገውላት፣ ንቅሳት ያለውና የሌለው፣ እየመረጠች ነው። «ሁለቱንም አይተው ነው የመረጡት» አለ ማረው። «ንቅሳት ያለባትንም ግን ‹እንዳትጥላት› አሉኝ። አልጣልኋትም።»

ማንአለብሽ የተቀመጠችበትን ወንበር በመዳፏ ዳበሰችው። ታላቅ እህቷ እዚህ ተቀምጣ፣ ብቻዋን፣ ለመቃብሯ ፊት መርጣለች። «የማን ናችሁ» እንዳይባሉ የተነቀሱት ንቅሳት፣ እዚህ «የማን ናት» እንዳያስብል መጥፋት ነበረበት። አራት ዓመት በኣሚት ላይ የያዘችው ቂም ሁሉ ባንዴ ወደ ራሷ ዞረ፤ ለልጁ ትከሻዋን ስትሰጠው፣ እሱም ምን እንዳጠፋ ሳያውቅ ትከሻዋን ስሞ ሲሄድ ታያት። አለቀሰች፤ ድምፅ አውጥታ፣ ማረው ፊት፣ ልጇ ፊት። ኮኮብ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተጠጋቻት እንጂ አልነካቻትም።

«ኢማ፣ ጠዋት ሰምተሽኛል አይደል?» አለች። «ከሳፋው የተንጠባጠበውን ውኃ አየሁት።»

«ሰምቻለሁ።»

«ጠየቅሁት። ላስጠፋው አላሰብሁም ብዬ አልዋሽሽም። አላውቅም ነበር። አንቺ ሠላሳ ዓመት ደብቀሽዋል፤ አልበሙ ላይ ሲታይ ታፍሪያለሽ፣ ትናደጂብኛለሽ ብዬ ፈራሁ። አባባን ‹ጠይቅልኝ› አልሁት፣ እሱም ፈራ።» እንባዋን በእጇ ጠረገች። «ያሪን ለሁሉም ሳይጠየቅ ይጠፋል ሲለኝ፣ እናቴን ሳልጠይቅማ አይሆንም አልሁት። ራሴን ስወዘውዝ ያየሽኝ ያኔ ነው። ስለዚህ አሁን እጠይቅሻለሁ። ምን ትፈልጊያለሽ?»

ማንአለብሽ የኣሳፍን አጎት አሰበች፣ ወረቀት ትሞላ የነበረችውን ሴትዮ አሰበች፣ ስድስት መቶ እንግዳ አሰበች። ከዚያ እጇን ወደ ማጅራቷ ልካ የሻሿን ቋጠሮ ፈታች። ግንባሯን የዕቃ ቤቱ ነፋስ ነካው፤ ቀዘቀዛት። «አንሣኝ» አለችው ማረውን። «መጀመሪያ ልየውና።»

ማረው መብራቱን ወደ ጎን አዞረ፣ አንዴ አነሣት፣ ሁለቴ አነሣት። ካሜራውን ይዞ ወደ ኮምፒዩተሩ ሄደና ፎቶዋን አጎላው። መነጽሩን አስተካክሎ ጠጋ አለ። ከዚያ በድንጋጤ ዞረ። «እትዬ፣ በልጆቼ እምላለሁ፣ እጄን አላሳረፍሁበትም! የመስቀሉ የግራ ክንድ ግን የለም!»

ስክሪኑ ላይ ሰማያዊው ንቅሳት ሰፋ ብሎ ይታያል፤ ወደ ላይ አንድ ክንድ፣ ወደ ታች አንድ፣ ወደ ቀኝ አንድ። በግራ በኩል ባዶ ነው። ኮኮብ ተነሥታ ስክሪኑን አየች፣ ዞራ የእናቷን ግንባር አየች፣ ተመልሳ ስክሪኑን አየች። ሃያ ሰባት ዓመት ከዚህች ሴት ጋር አንድ ቤት ኖራለች፤ አንድ ክንድ እንደሚጎድል አታውቅም ነበር። «ኢማ፣ ይሄ… መስቀልም አይደለም እኮ» አለች። «ሌላው የት ሄደ?»

ማንአለብሽ ሳቋ አመለጣት። ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነው። «ሮጬ ነዋ!» አለች። «መጀመሪያ ጥሩዬ ተነቀሰች፣ ቃል ሳይወጣት። ከዚያ እኔ። ነቃሿ ሴትዮ ጭኗ መሀል አጣብቃኝ ትወጋኛለች፣ ጥሩዬ እጄን ይዛኛለች። ሦስተኛው ክንድ ሲያልቅ ጥሩዬ ‹አንድ ብቻ ቀረሽ፣ ቻይው› አለችኝ። አልቻልሁም። እጇን ነክሼ አመለጥሁ። ወንዝ ተሻግሬ ማሽላ ውስጥ ተደበቅሁ። ሲመሽ እናቴ ሳታገኘኝ ጥሩዬ አገኘችኝ፤ የነከስኋትን እጇን ይዛ ‹ግድ የለም፣ ማንም ተጠግቶ አያይሽም› አለችኝ።» ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረ። «እውነቷን ነው። ማንም ተጠግቶ አላየኝም።»

ኮኮብ ጎንበስ ብላ በጣቷ ጫፍ የጎደለውን ቦታ ነካችው። ማረው ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሮ ሳጥኖቹን የሚያስተካክል መሰለ።

«ቤት ስንገባ የኣሚትን ካርድ ከማንኪያው ሥር አውጪና ስጪኝ» አለች ማንአለብሽ በመጨረሻ። «በፖስታ አይደለም። ራሴ እወስድለታለሁ።» ከዚያ ሻሿን አነሣችና ከፀጉሯ መነሻ ላይ፣ ግንባሯን ትታ አሰረችው፤ ቋጠሮውን ሁለቴ ጠበቅ አደረገች። ማረው ደብተሩን ከፍቶ የተኳረፈ ብሎ የጻፈውን ሰረዘና «ታዲያ እትዬ፣ የእርስዎን ፎቶ በተመለከተ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለ።

«እንዳለች ብለህ ጻፍ» አለች። በሩ ላይ ደርሳ ግን ቆመች፤ ዞራም መነጽሩን ሰንጥቃ የምታይ ያህል አፍጥጣ አየችው። ማጥፋት የሚችል እጅ ሌላም ነገር ይችላል። «ስማኝ ደግሞ» አለችው። «የቀረውን ክንድ እንዳትጨምርብኝ!»